«አላውቅም» ያለችው ሞሚና

ባለፈው ማክሰኞ ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት ባለሙያ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ አፍታ ብቻ» ብላ ወንበር ሳበችና ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ አቆመች። በሶፊ ገጠር ሴቶች ዘንድ የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ እየሠራች ነው፤ ከብዙ ዘመን በፊት እዚያው ሥፍራ ተመሳሳይ ሥራ እንደሠራሁ የነገራት ሰው አለ። ጥያቄዎቿን አነበበችልኝ። «የክህሎት ክፍተት»፣ «የሚጠበቅ የትምህርት ውጤት»፣ «የተጠቃሚዎች ቅድሚያ ፍላጎት»። እነዚህን ሐረጎች እኔና ሁለት ባልደረቦቼ በአንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተከራክረን ወደ አማርኛ የመለስናቸው ናቸው፤ ልጅቱ ግን ከሰማይ የወረዱ ያህል በአክብሮት ታነባቸዋለች። አላረምኳትም። ሰው በሰባ ዓመቱ ከሚማራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የራሱን ቃል በሌላ አፍ ሲሰማ ዝም ማለት ነው።

«ሴቶቹ በጣም ንቁ ናቸው፣» አለችኝ። «ሁሉም የፈለጉት ዶሮ እርባታ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! በአንድ ድምፅ።»

«ከእናንተ በፊት የሄደው ድርጅት ለጎረቤት ቀበሌ ምን ሰጥቶ ነበር?»

«ዶሮ መሰለኝ» አለችና መልሱን መዘገበችው። ከዚያ በኋላ ምን እንደጠየቀችኝ በደንብ አልሰማኋትም። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፣ አንዲት ሴት ጫት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታክሲ ላይ ትጭናለች፣ እኔ ግን በሐሳብ ከአደባባዩ ሄጃለሁ።

በዚያን ጊዜ ባጃጅ የሚባል ነገር ሐረር አልደረሰም። ከአዲሱ ከተማ በግንብ ወደታጠረው አሮጌ ከተማ ወደ ጁገል የሚያመላልሱን ወገባቸው የጎበጠ አሮጌ ፔጆዎች ነበሩ፤ በራቸው ከውስጥ በገመድ የሚታሰር፣ ወንበራቸው በመንገደኛ ብዛት የተላጠ። ሾፌሮቹ ካሴት ይከፍታሉ፤ ዘፈኑ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በሐረሪ ነው፤ አቀበቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ዘፋኙም አብሮ የሚያቃስት ይመስላል። ሳምቡሳ በሃያ አምስት ሳንቲም ይሸጣል፤ የተቆላ ለውዝ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ ከዚያም ባነሰ። «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሲያልፉ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ይመጣል፤ የጁገል ልጃገረዶች ከገበያ የገዙትን ስስ ጨርቅ እዚያው ያሰፉና እዚያው ይለብሱታል። እኔ ከውጭ አገር በተመለስኩበት ዓመት ያሰፋሁትን ግራጫ ጉርድ ቀሚስና ጃኬት አሁንም አስታውሳለሁ፤ ልብስ ሰፊው «ይኼ የወንድ አይደለም ወይ እህቴ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሦስተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት በጎልማሶች ትምህርት ነው። ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው ከግንቡ ውጭ ከሰፈሩት ናቸውና በከተማው ክርስቲያን ዘንድ «የእነ እገሌ ልጅ»፣ በጁገል ዘንድ «ከበር ውጭ ያለችው»፣ በሶፊ ሴቶች ዘንድ ደግሞ በአጭሩ «የቢሮዋ» ተብዬ እጠራ ነበር። ሦስቱም ስሞች ትክክል ነበሩ።

ዳሰሳውን እንድሠራ ወደ ሶፊ የላከኝን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቢኖርም ልዩነት የለውም። ሾፌራችን ጋሽ ተክሌ ይባሉ ነበር፤ አባቴን በወጣትነታቸው ያውቁታልና በዶክተርነቴ ሳይደነግጡ «አንቺ» ይሉኛል። ከጁገል ውጭ ዞረን ቁልቁል ወደ ምሥራቅ እንወርዳለን፤ የጫት ማሳ፣ የማሽላ ማሳ፣ እንደገና ጫት፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ግራጫ ጃኬቴን ከመንገዱ ጋር አንድ ያደርገዋል። ሴቶቹ በአንድ ሰፊ የማንጎ ዛፍ ጥላ ተሰብስበው ይጠብቁናል። በመካከላቸው አዴ ከዲጃ ተቀምጠዋል። «አዴ» ለእናትነት የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ ከዲጃም በዚያ ሰፈር ያለ እሳቸው ፈቃድ ሠርግ የማይደገስ፣ ሐዘን የማይነሣ፣ እንግዳም የማይስተናገድ እናት ነበሩ። የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የማሰፍረው ጣዕሙ ተቀንሶ ነው።

«ምን ብትማሩ ትወዳላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህን አንድ ጥያቄ እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ አራት መቶ ገጽ ጽፌአለሁ።

«ልብስ ስፌት፣» አሉ አዴ ከዲጃ።

«ልብስ ስፌት፣» አሉ ሴቶቹ በሙሉ።

ከወንዙ ማዶ ላለው ሰፈር ባለፈው ዓመት የስፌት መኪና መታደሉን ከጋሽ ተክሌ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ በተማርኩት መንገድ አንድ በአንድ ለብቻ ጠየቅኋቸው። ልብስ ስፌት፣ ልብስ ስፌት። እንግዳ የመጣበትን ነገር አስቀድሞ ገምቶ ማቅረብ በዚያ አገር የመስተንግዶ ክፍል ነው፤ ለተጠማ ውኃ እንደማቅረብ። ለዳሰሳ ለሚመጣ እንግዳም ደስ የሚለው መልስ ይቀርብለታል። የምርምር ዘዴ መጻሕፍቴ ይህንን «አድልዎ» ይሉታል። አዴ ከዲጃ ግን አስተዳደግ ይሉት ነበር።

መጨረሻ ላይ የመጣችው ሞሚና ናት። የአዴ ከዲጃ ምራት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንጨት ተሸክማ ወደ ከተማ የምትወጣ። አማቷን በጎን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በር ላይ የሚጻፈውን ማንበብ እፈልጋለሁ።»

«የምን በር?»

«የሐኪም ቤት በር።» ከዚያም ሐዘኗን ሳይሆን መንገድ እንደምታመለክት ሆና ነገረችኝ። የመጀመሪያ ልጇ ታመመባትና በጀርባዋ አዝላ ከተማ ሐኪም ቤት ገባች። አንዱ «በዚያ በኩል፣ ተጽፎልሻል» አላት። ሌላው «እዚያ በሩ ላይ አለ፣ አታዪም?» አላት። ሁሉም በር ነጭ ነው፤ ሁሉም በር ላይ ጽሑፍ አለ። አንዱን ወረፋ ረጅም ጊዜ ጠብቃ ስትደርስ የጥርስ ሆነ። የልጆቹን በር ስታገኝ ሐኪሙ ልጁን ተቀብሎ አየውና መልሶ ሰጣት። «አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ፣» አለች ሞሚና። «በእሱ አልከራከርም። ግን አሁን ሌላ ልጅ አለኝ። በሮቹ ደግሞ እዚያው ናቸው።»

አዴ ከዲጃ ከወዲያ ሆነው ሰምተው ነበር። «ስፌት በይ አላልኩሽም?» አሏት፤ ግን ፊታቸውን አዞሩ። የሞተው የልጅ ልጃቸው ነበርና።

በሐቅ እናገራለሁ፤ በሥራ ዘመኔ በሙሉ ከሰማሁት ሁሉ የተጣራ ፍላጎት ያ ነበር። ወገን የለውም፣ ምኞት የለውም፣ እኔን ለማስደሰት የተባለም አይደለም። ይህንኑ ይዤ ከቢሮው ጋር ብዙ ወራት ተከራከርኩ። የስፌት መኪናው በጀት ወደ ፊደል ትምህርት ተዛወረ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ በዓመቱ መጨረሻ በሚገኘው ውጤት መሠረት ለሁለተኛ ዓመት እንዲራዘም ወይም እንዲዘጋ ተባለ። የትኛው ፊደል ይሁን በሚለው ላይ ወንዶቹ በስብሰባ አዳራሽ ጎራ ለይተው ሲጨቃጨቁ እኔ የሐኪም ቤቱ በሮች በምን እንደተጻፉ ብቻ ጠይቄ ወጣሁ።

አስተማሪ ሆና የተቀጠረችው ነጃት የምትባል የጁገል ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ በር ሲከፈት ደወል በሚያሰማ አሮጌ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ሴቶቹ እየሳቁ ያርሟታል፣ እሷም እየሳቀች ፊደል ታስተምራቸዋለች። እኔ በንድፈ ሐሳብ የማውቀውን እሷ ሳታውቀው ታደርገው ነበር። ለየፊደሉ የሚመሳሰል ነገር አገኘችለት፦ «መ» በአህያ ጎንና ጎን የተንጠለጠሉ ሁለት እንስራዎች ሆነ፣ «ጠ» ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሆነ፣ «በ» ደግሞ በራፍ ሆነ። ሞሚና «በ»ን ባየች ቁጥር «ይኼማ የኔ ነው» ትል ነበር። ነገር ግን ሞሚና የእንጨት ቀኗ በሳምንት ሁለት ነውና ከትምህርቱ ግማሹ ያልፋታል፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከፊደሉ ግማሽ ያህሉን ብቻ ለየች። ሌሎቹም ብዙ አልራቁም። ይህ ነውር አይደለም፤ በአንድ ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ከሰዓት በኋላ፣ ልጅ በጀርባ አዝሎ ከዚያ በላይ የተማረ ሕዝብ እኔ አላጠናሁም። ሁለተኛ ዓመት ያስፈልግ ነበር። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ።

ከጊዜው ጨርቃ ጨርቅ፣ ከዘፈኑ፣ ከፔጆው ሁሉ ይልቅ ዛሬ ቅር የሚለኝ የዚያን ዘመን እምነቴ ነው። ነገር በትክክል ከተለካ በትክክል ይወሰናል ብዬ አምን ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ የቤቴ መስኮት ወደ ግንቡ ይመለከታል፤ የታደሰው የግንብ ክፍል ከአሮጌው ይልቅ አሮጌ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ቱሪስቶቹም የሚያነሡት እሱን ነው። ልኬትም እንዲሁ ነው።

ገምጋሚ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ደንቡን ለሴቶቹ ልነግራቸው ሄድኩ። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ውጤቱ የሞላበት ሥፍራ «ተመርቋል» ተብሎ ይዘጋል፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል፤ ክፍተት የታየበት ሥፍራ ሌላ ዓመት ይጨመርለታል።

«ስለዚህ የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣» አልኳቸው። «የምታውቁትን ተናገሩ፣ የማታውቁትንም አትሸፍኑ።»

ሳቁ። አዴ ከዲጃ ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ ብዙ ተምረሻል አይደል?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ታዲያ አላውቅም ያለ ሰው ምን ተሰጥቶት ያውቃል? ስኳር ሲታደል አላውቅም ያለ ይዘለላል። መሬት ሲለካ አላውቅም ያለ ይዘለላል። አንቺ ራስሽ አላውቅም ብለሽ ነው ዶክተር የተባልሽው?»

«ይኼ የተለየ ነው…»

«እንግዳ ፊት ገበናችንን እናውጣ ነው የምትዪን? ያቺስ ልጅ?» ወደ ነጃት አመለከቱ። «ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ አስተምራን፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ምንም አልተማርንም ብንለው እንጀራዋ አይቆረጥም?»

ነጃት ደነገጠች። «አዴ፣ ወላሂ እኔን አታስቡኝ» አለች። ይህን በማለቷ ግን ይበልጥ እንዲያስቡላት አደረገች። ያሉት ሁሉ ከኖሩት የተቀዳ ነው፤ እኔ የምላቸው ደግሞ ከወረቀት የተቀዳ ነው፤ የተሳሳቱት ግን እሳቸው ነበሩ። ሰው ትክክለኛ በሆነ ምክንያት እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል ከዚያ ቀን በኋላ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ገምጋሚው በተባለው ቀን መጣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ጫማው የተወለወለ፣ ኦሮምኛ የማያውቅ፣ ባህል የሚወድ። ሰሌዳው በማንጎው ግንድ ተደግፎ ቆመ፤ ነጃት ፊደሎቹን ጻፈችበት። ሴቶቹ አንድ በአንድ ይቀርባሉ፤ እሱ በቀጭን እንጨት አንዱን ፊደል ይነካል፤ ሴቲቱ ስሙን ትጠራለች። የቀሩት ከኋላው፣ ጥቂት ራቅ ብለው፣ ለእንግዳው ምሳ ማሽላ ይወቅጣሉ። ሲወቅጡም ይዘፍናሉ። አዴ ከዲጃ ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ።

የመጀመሪያዋ ሴት ቀረበች። እንጨቱ «ለ» ላይ አረፈ። ሴቲቱ ዝም አለች። ከሙቀጫው በኩል፦

«ለጋ፣ ለጋ፣ ወንዙ ሞልቷል…»

«ለ፣» አለች ሴቲቱ።

«ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ግማሽ ግማሽ ፊደል የለዩት ሴቶች ተደማምረው ሙሉ ሆነዋል፤ እንጨቱ ያረፈበትን ያወቀችው ለአዴ ከዲጃ ሹክ ትላለች። እንጨቱ ወደ «መ» ሄደ። ከኋላ፦ «መና፣ መና፣ ቤቴን ማን ይጥረገው…» «መና» ቤት ነው። ቀጥሎ «በ»፤ «በልበላ፣ በልበላ፣ በሩን ማን ይክፈተው…» «በልበላ» በር ነው። ዘነዘናው ሳይዛነፍ ይወርዳል፣ ዜማው ሳይዛነፍ ይከተላል፤ የቀረቡትም ሳይሳሳቱ ይመለሳሉ። ጋሽ ተክሌ ከመኪናው ኋላ ሄደው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ነጃት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ገምጋሚው በተመስጦ ራሱን እየነቀነቀ፣ ትንሽ ቴፕ ሪከርደር አውጥቶ ዘፈኑን ቀዳው።

ሦስተኛዋ ሴት ስትመለስ ተነሥቼ በአማርኛ ነገርኩት። «ይህ ዘፈን መልሱን እየነገራቸው ነው። ያቁሙትና ለብቻ ይጠየቁ።»

ፈገግ አለ። «ዶክተር፣ እኔ ብዙ ቀበሌ ዞሬያለሁ። እንዲህ ደስ ብሎት የሚማር ሕዝብ አላየሁም። እርስዎ በራስዎ ሥራ ላይ ይህን ያህል ለምን ይጨክናሉ?»

«ኦሮምኛ ይሰማሉ?»

«ስሜቱን እሰማለሁ።»

ይህ የመጨረሻ ሙከራዬ አልነበረም፤ ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ ለማን ይቀርባል? አዴ ከዲጃ አማርኛ ባይናገሩም የፊቴን መልክ አንብበዋል፤ ዘነዘናቸውን አቁመው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ስማቸውን ለእንግዳ አሳልፌ ልሰጥ የተነሣሁ ሴት ነበርኩ።

የሞሚና ተራ ደረሰ። እንጨቱ «ደ» ላይ አረፈ። ሞሚና ፊደሉን አየችው፤ አታውቀውም። ከሙቀጫው በኩል ዜማው መጣ፤ «ደማ» ማር ነው፤ «ደማ፣ ደማ፣ ማሩን አትንፈጊን…»

ዝም አለች።

«ደማ፣ ደማ…» ከፍ አለ። አዴ ከዲጃ የራሳቸውን ድምፅ ጨመሩ፤ ልመናም ቁጣም ነበረበት።

ሞሚና ፊቷን ከሰሌዳው ወደ ገምጋሚው መለሰች። አማርኛዋ የእንጨት ሻጭ አማርኛ ነው፤ ጥቂት ቃል፣ ሁሉም ጥርት ያለ። «አላውቅም፣» አለች። «ይኼን አላውቅም። አስተምሩኝ።»

ዘነዘናዎቹ ቆሙ።

ገምጋሚው አዘነላት። በርኅራኄ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠየቃት፤ ሌላ ፊደል ነካ። «ይኼንንም አላውቅም፣» አለች። «በ»ን ሲነካ ግን «በ! ይኼ በር ነው» አለች፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል በእውነት ያነበበች እሷ ብቻ ነበረች። እሱ ወደኔ ጠጋ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ «በየቡድኑ አንድ እንዲህ ዓይነት ይኖራል፣ ዶክተር። አይዘኑ። አማካዩን አይጎዳውም» አለኝ።

አልጎዳውምም። ዓላማው ከታሰበው በላይ ተሳክቷል ተብሎ ተጻፈ። ሥፍራው ተመረቀ። ይግባኝ ይዤ ወደ ቢሮው ኃላፊ ገባሁ፤ እሱም ብልህ ሰው ነበርና ወረቀቴን ሳያነብ «በውድቀት ላይ ይግባኝ ይባላል ዶክተር፤ በስኬት ላይ ግን ይግባኝ ለማን ይባላል?» አለኝ። ለበላዩ ጻፍኩ። የበላዩ የምስጋና መልስ ላከልኝ። ነጃት፣ እንጀራዋ እንዳይቆረጥ ያ ሁሉ ዘፈን የተዘፈነላት ነጃት፣ ትምህርቱ ሲዘጋ ከሥራ ተሰናበተች፤ ወደ አባቷ ሱቅ ተመልሳ ጨርቅ ትለካ ጀመር። በሄድኩ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ ከዚያ ደግሞ «ሞሚናስ?» ትላለች።

ሴቶቹ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ በየቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሞሚና አልተሰጣትም። በሰፈሩ ስሟ «አላውቅም» ሆነ። በዚያ ሰሞን ደርሼ የሰማሁት ነው፤ ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች፦ «አላውቅም መጣች! አላውቅም፣ እስቲ እንስራሽ ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ሲሏት፣ እሷም አፏን በሻሿ ሸፍና፣ «እንስራዬንስ አውቃለሁ፤ የናንተን ወረቀት ምን እንደሚል ግን እናንተም አታውቁም» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። አብራ ትስቃለች። ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢኖርበት እንዴት እንደምይዘው አውቅ ነበር።

ነጃት አንድ ነገር ሞክራ ነበር፤ ሞሚና እንጨት ሸጣ ስትጨርስ ወደ ሱቁ እየመጣች እንድትማር። አማቷን ላስፈቅድ ሄድኩ።

«ሁሉም ሲሄድ ሄደች፣» አሉኝ አዴ ከዲጃ። «ለሁሉም የሆነ ነገር ለማንም ነውር የለውም። ብቻዋን ግን ምን ትባላለች? ከተማ ትውላለች ትባላለች።»

«እናቴ፣ ስለ ልጁ ስትል እኮ ነው።»

«ልጁን እኔም ቀብሬዋለሁ፣» አሉኝ። «እንግዳ ፊት ግን አላዋረድኳትም፤ እሷ ነች ያዋረደችኝ።» ከዚያም፣ መስተንግዶ አይቀርምና፣ ወተት አቀረቡልኝ። ጠጣሁት። ሌላ ምን ይደረጋል? ያን ጊዜ የዘረዘርኩት የሕግ፣ የጤና፣ የእናትነት ክርክር ሁሉ ትክክል ነበር። ከትክክልነቱ በቀር ግን ምንም አልነበረውም።

ሰሌዳው ወደ ሌላ ቀበሌ እንዲዛወር ታዘዘ፤ የድርጅቱ ንብረት ነውና እኔው ሄጄ እንድረከበው። ክረምት ገብቶ መንገዱን ጎርፍ ሰብሮት ጋሽ ተክሌ መኪናውን ከታች አቆሙ። ወደ ማንጎው ስወጣ ሰሌዳው ከዝናብ ሸራ ለብሶ እንደ ነበረ ቆሟል፤ ሸራውን ገለጥኩት። ነጃት በመጨረሻው ቀን ለሞሚና ስትል የሐኪም ቤቱን በሮች ስም አንድ በአንድ አስጀምራት ነበር፤ የመጨረሻው አልተጠረገም። በትልልቅ ነጭ ፊደል «የሕፃናት ክፍል» ይላል።

ሰሌዳውን ላነሣ ስል ሞሚና መጣች። «እንግዳ አይሸከምም፣» አለችኝ። እንቢ ብላትም አልሰማችኝም፤ እንጨት እንደምታዝለው ገመድ አዞረችበትና ጥቁር ልብሷ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ከፊቴ ቀድማ በአንሸራታቹ ቁልቁለት ወረደች፤ ላብና ካፊያ ነበር። ከታች ስንደርስ ጋሽ ተክሌ ተቀበሏትና ሰሌዳውን በመኪናው ጎን አቆሙላት። ገመዷን ሰብስባ ከጨረሰች በኋላ ዘወር ብላ ሰሌዳውን አየችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ልታየው እንደፈለገች ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰሌዳው ላይ ነጭ ጭጋግ ብቻ ቀርቷል።

«የት ሄደ?» አለችኝ።

«ጀርባሽ ላይ ነው፣» አልኳት። እውነትም ነበር፤ ጥቁሩ ልብሷ ላይ ጠመኔው ታትሞ፣ ፊደሎቹ ግራቸው ቀኝ ሆኖ፣ ለእኔ ግልጽ ሆነው ይነበባሉ።

በቀኝ ትከሻዋ በኩል ዞራ አየች፤ አልታያትም። በግራ ሞከረች። ልብሷን ከወገቧ ሳብ አድርጋ አንገቷን ጠመዘዘች፤ ከዚያ ሳቋ መጣባት፣ አፏንም በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ጋሽ ተክሌ ሞተሩን አስነሡ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ ሞሚናም ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ዳገቱን ተያያዘችው።